የመጨረሻው ኩሬ ጠባቂ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አበው። የወልድያው ፖሊስ መቶ አለቃ ካሳዬ ይህን አባባል ጳጉሜን ሦስት ቀን 1976 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከአንድ አስከሬን አጠገብ ተንበርክኮ ሳለ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ሰማው። የተናገረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይርጋ ነበር።

«ገዳዩ ተይዟል፣ ጓድ መቶ አለቃ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?»

«ዘንዶ ካለማ ቢወጣ ይሻላል» አለ ካሳዬ፣ ቀና ሳይል።

ሟቹ ጋሼ ፈንታው ናቸው። ከመርሳ በታች ያለው ወንዝ በድርቁ ተቆራርጦ አንድ ኩሬ ብቻ ሲቀር፣ መንጠቆ ይዞ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ ሦስት ወር የጠበቁት ሽማግሌ። ውሃው ሞቆ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያለከልኩ፣ ቅጠል እየቆረጡ ጥላ ያለብሱላቸው ነበር። ለሚያሾፍባቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ ዝናቡ ሲመለስ ወንዙ ዘሩን ከየት ያመጣል? አሁን ከጆሯቸው ኋላ በድንጋይ ተመትተው በዳርቻው ተደፍተዋል። ኩሬው ላይ ከጣት የማይረዝሙ ዓሦች ሆዳቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። በድንጋዮቹ ላይ የተበተነው ዱቄት የብርብራ ፍሬ ነው፤ ዓሣ ያሰክራል፣ የሚበላውን ሰው ግን አይጎዳም።

ዋርካው ሥር ንጉሴ የሚባል ገበሬ የኋሊት ታስሮ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ለልጆቹ ዓሣ ለምኖ ሽማግሌው ከልክለውታል፤ ሲዝትም ተሰምቷል። ይርጋ እንዳለው ከሰዓት በኋላ በፀረ-አብዮተኛነት ተረክበው የሚወስዱት ሰዎች ይመጣሉ። በዚህ ስም የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ንጉሴም ካሳዬም ያውቃሉ።

«ተናድጄባቸው ነበር፣ ጌታዬ» አለ ንጉሴ። «ግን እሳቸውም ጦማቸውን ነበር የሚያድሩት። ከዚያ ሁሉ ዓሣ አንዲት አልቀመሱም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ብዬ ልግደል?»

ካሳዬ ወደ ንጉሴ ጎጆ ወጣ። ብርብራ ሳይወቀጥ አይሠራም፤ የንጉሴ ሙቀጫ ግን እህል ካየ ከርሞ ሸረሪት አድርቶበታል። ከዚያ ወደ ማሚቴ ዘንድ ሄደ። ማሚቴ መርሳ ላይ ለሾፌሮች ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ናት፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ተሰዳድባለች። አልካደችም።

«ሰድቤያቸዋለሁ። ሙቀጫዬን ግን ያሽትቱት፤ በርበሬ ነው። ብርብራ ወቅጬበት ቢሆን፣ ሾፌሩ መራራውን ወጥ ፊቴ ላይ ነበር የሚደፋው።»

ሲመለስ የይርጋ ሱሪ ገና እስከ ጭኑ ርጥብ መሆኑን አየ። እንደ ዋዛ ጠየቀው።

«ዛሬ ሩፋኤል አይደል?» ብሎ ሳቀ ይርጋ። «አብዮተኛ ብሆንም የእናቴ ልጅ ነኝ። ጎሕ ሲቀድ ጠበል ወርጄ ከሕዝቡ ጋር ተጠመቅሁ።»

ቀትር ላይ ካሳዬ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበ፤ የደብሩን ቄስ አባ ሙላቱንም አስጠራ።

«መጀመሪያ የቀሩትን ዓሦች እዩ። ትልልቆቹ ተለቅመዋል፤ ትንንሾቹ ተጥለዋል። የራበው ሰው ዓሣ አይመርጥም። ልጆቹ የሚያለቅሱበት አባት ከጣት የምታንሰዋን እንኳ አይተውም። የሚመርጥ ለገበታ የሚያስብ ሰው ነው። ለመልቀም ደግሞ ኩሬው ውስጥ መግባት ግድ ነው፤ ጥልቀቱ እስከ ጭን ነው።» ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ ዛሬ ጠዋት ሕዝቡ እንዴት ተጠመቀ?»

«ምን መጠመቅ አለ፣ ልጄ። ጠበሉ በሰኔ ደረቀ። ሩፋኤልም ዘንድሮ ዝናቡን ነሳን። ባንዲት ማሰሮ ውሃ ግንባር ግንባራቸውን ነካሁላቸው።»

ካሳዬ ወደ ይርጋ ርጥብ ሱሪ ጠቆመ።

«ከዚህ እስከ ውርጌሳ እስከ ጭን የሚያርስ ውሃ ያለው እዚህ ኩሬ ብቻ ነው፣ ይርጋ» አለ ካሳዬ። «ጠበሉ መድረቁን በዚህ ቀበሌ ያልሰማህ አንተ ብቻ ነህ። የምትመራው ሕዝብ ውሃ ማጣቱን እንኳ አታውቅም።»

በዚህ መሐል ካሳዬ አስቀድሞ የላካቸው ሁለት ፖሊሶች ከሊቀ መንበሩ ቤት ሁለት ጆንያ ተሸክመው ደረሱ። በርጥብ ሣር የተጠቀለሉ ትልልቅ ዓሦች ነበሩ። ሙቀጫውም ዱቄቱ እንዳለበት መጣ።

«ለራሴ አይደለም» አለ ይርጋ። «ለአብዮቱ በዓል ዝግጅት ዛሬ ማታ ወልድያ ለሚገቡት እንግዶች ዓሣ አምጣ ተባልኩ። ሽማግሌው አላስነካ አለ።»

«ማነው አምጣ ያለህ?»

ይርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየው። «ጎርጉር» አለ በዝግታ።

ካሳዬ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። አልነገረውም።

ንጉሴ ተፈታ። ይርጋ በካቴና ወደ ወልድያ ተወሰደ። ሁለቱ ጆንያ ዓሣ በማስረጃነት ተመዝግቦ አብሮት ተጫነ፤ በዚያው ምሽት ለእንግዶቹ ራት ቀረበ። በ1977 ክረምት ወንዙ ሞልቶ ፈሰሰ። ዓሣ አልነበረበትም።