የፕሬበን ሳል

የፍሳሽ ሠራተኛውን ፕሬበንን ከጉድጓዱ በገመድ ስበው ሲያወጡት አፉን አረፋ ደፍኖት ነበር። መርማሪ ቢርጊት የኤስቢየርግ ወደብን የዓሣ አንጀት ሽታ የለመደች ሴት ናት፤ ይሄኛው ግን አፍንጫዋን አስያዛት። እንደምንም ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። የጣቱ የብር ቀለበት አልጠቆረም። የሰማያዊ ቱታው አንገትጌ ግን ነጣ ነጣ ብሏል።

«የፍሳሽ ጋዝ ነው የገደለው» አለ አለቃው ኬል ፊቱን አዙሮ። «ሥራችን ነው፤ ያጋጥማል።»

«ያመው ነበር?»

«እሱን? ፈረስ የመሰለ ሰው። እያፏጨ ነው የወረደው።»

ወደዚያ ጉድጓድ የሚለቁት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው። አንደኛው የወይዘሮ ኢንገሊሴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ወይዘሮዋ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«በረኪናውን በየቀኑ ወደ ቱቦው እንለቃለን፤ ፈቃድ አለን። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ?»

«ቆይተን እናየዋለን፣ ወይዘሮ ኢንገሊሴ። ይግቡና አረፍ ይበሉ።»

ጎረቤታቸው ቶርበን በሁለተኛው ቤት ብረት በአሲድ እያጠበ ዝገት ያስለቅቃል። «አሲዱን የሚወስድልኝ መኪና አለ» አለ። «ከግቢዬ አልወጣሁም፣ ማንንም አላየሁም። ምስኪን፣ ሳሉ ግን አንጀት ይበላ ነበር።»

ቢርጊት የቶርበንን ግቢና እዚያ ያለውን የቱቦ ክዳን ዞራ አየችና ሦስቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የፍሳሽ ጋዝ ቢሆን የብር ቀለበቱን ያጠቁረው ነበር። ይሄ ጨርቅ የሚያነጣ ጋዝ ነው፤ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው። በረኪናው በየቀኑ ይፈስሳል፣ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ዛሬ አሲድ ተጨመረበት።»

«አሲድ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው?» አለ ቶርበን። «ኬልም የተደፈነ ቱቦ የሚከፍተው በአሲድ ነው።»

«ልክ ነህ። ሳሉን የሰማኸው ግን አንተ ነህ። ፕሬበን ጤነኛ ሆኖ ነው የወረደው፤ ያሳለው እታች፣ ጋዙ ሲይዘው ነው። አንተ ደግሞ ከግቢህ አልወጣህም። ከመሬት በታች የሚስል ሰው የሚሰማህ የግቢህ የቱቦ ክዳን ከተከፈተ ብቻ ነው። እኔ ስመጣ ግን ተከድኖ ነበር።»

ቶርበን መሬት መሬት አየ። «መኪናው ቀረብኝ፤ በርሜሉ ሞላ። እታች ሰው መኖሩን አላወቅሁም።»

«ሲስል ስትሰማስ? ለምን ከደንከው?»

ቶርበን ከጉድጓዱ አፍ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ሽታው አላስቀምጥ አለኝ።»

ኬል ወደ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ዞሮ አስመለሰ። ቢርጊት ካቴናውን ለቶርበን ስታጠልቅለት እጁን መንካት ቀፈፋት።