የተቆረጠው ሳል

አረፋው የመኪናውን መስታወቶች ሸፈናቸው። የእጥበት ማሽኑ ጩኸት ወሬ ያፍናል። ድንቢጥ በሚል የሚስጥር ስም የምትጠራው ሰላይ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። ፊት የተቀመጠው አለቃዋ፣ ጋሼ፣ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

ዞሮ አይቷት አያውቅም። የሥራው ሕግ ነው፤ ቢያዝ እንኳ ያላየውን ፊት መናገር አይችልም።

«ፊቷን አመጣሽ?»

«ነገ።»

«ነገ፣ ነገ! አለቃ ነኝ ወይስ ለማኝ?»

ድንቢጥ ስድቡን ዋጥ አደረገችው። ይህን ሰውዬ ድሮም ዓይኑን ማየት አትፈልግም፤ ደግነቱ አይታውም አታውቅ።

የሚፈለገው የሰማያዊት ፊት ነበር። ሰማያዊት ሰው አይደለችም፤ ሚሊዮኖች በስልካቸው በቀጥታ የሚከታተሏት፣ በኮምፒውተር የተሳለች ባለ ሰማያዊ ፀጉር ልጅ ናት። ከሥዕሉ ጀርባ ሆና የምትናገረውን ወጣት ግን የሚያውቃት የለም። በዚያ ሥዕል ተከልላ የመሣሪያ ነጋዴዎችን ጉድ ስትዘከዝክ ከርማለች። ነጋዴዎቹ ፊቷን ካገኙት አለቀላት። ክፍል እየቀያየረች ትሠራለች፤ የት እንዳለች የምትነግረውም ለካሜራ ባለሙያዋ ብቻ ነው።

የካሜራ ባለሙያዋ ድንቢጥ ናት።

ጋሼ ያላት፣ ፊቷን ስጪኝና ፓስፖርት አሠርቼ በሰላም አስወጣታለሁ ነው። ድንቢጥም ከዚህ ሥራ በኋላ ቤት እንደምትገባ ለእናቷ ቃል ሰጥታለች።

«ቶሎ በይ» አለ። «ሳሉም ብሶባታል።»

ድንቢጥ ክው አለች።

ልጅቷ ትስላለች፤ እውነት ነው። ግን ሥርጭቱ ጥቂት ዘግየት ብሎ ስለሚወጣ ሳሏ ተቆርጦ ይጣላል። የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አጠገቧ ያለችው ድንቢጥና ከሩቅ ሆኖ ድምፁን የሚያጣራው ሰውዬ። ያ ሰውዬ የነጋዴዎቹ ጆሮ መሆኑን ጠርጥራ ለጋሼ ስትነግረው፣ አላውቀውም፣ ተዪው ብሏት ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሼ ተሸጧል።

«ነገ በዚሁ ሰዓት» አለች።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጋ ሄዳ ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ማን እንደሆነች፣ ለማን እንደምትሠራ። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ሸሸች።

«እኔ እኮ እትዬ ብዬሽ ነበር።»

«ድንበር ስትሻገሪ ትጠዪኛለሽ። አሁን ሻንጣሽን ያዢ።»

ልጅቷ በተነሣችበት ወንበር ላይ ድንቢጥ ተቀመጠች። ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረች። ቅንድቧን ስታነሣ ሰማያዊትም አነሣች፤ ስትኮሳተር ተኮሳተረች። የራሷን ፊትና ሥዕሉን ጎን ለጎን ፍላሽ ላይ ቀረጸች።

«ፊት ፈልገዋል» አለች። «ፊት ይወስዳሉ።»

በማግስቱ፣ አረፋው መስታወቱን ሲሸፍን፣ ፍላሹን የጋሼ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ስትፈልጊ ትችያለሽ» አለ። አልዞረም። ከሕጎቹ ሁሉ ያከበረው ያንን ብቻ ነበር። አረፋው ሳይታጠብ ወርዳ ሄደች። ልጅቷ በዚያ ሰዓት ድንበር እያቋረጠች ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ድንቢጥ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ በእናቷ ሰፈር አለፈች። ከግቢው ፊት ለፊት መኪና ቆሟል። ውስጡ ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ስልኩ ላይ ከፍላሹ የተወሰደውን የድንቢጥን ፊት ያያል። እናቷ በአጥሩ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። «እማዬ» ማለት አልቻለችም።

አለፈች።

በሌላ ከተማ፣ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ፣ ሰማያዊት በስክሪን ትናገራለች። ነጋዴዎቹን በስም እየጠራች ነው። መሃል ላይ ቃሏ ለአፍታ ተቋረጠ፤ ከዚያ ቀጠለች።

«ኔትወርኩ ነው» አለ ጠጋኙ።

ድንቢጥ ግን ምን እንደተቆረጠ አውቃለች። ልጅቷ በሕይወት አለች። ስልኳን ተቀብላ ወጣች፤ ጠጋኙ ቀና ብሎም አላያት።