ሦስት የክብሪት እንጨት

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጉልበቷን እያሸች ወንበሯ ላይ ደልደል ባለችበት ሰዓት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰው ሞቷል ተብላ ተጠራች። ሞት መቼም የሰው ድካም አይቶ አያውቅም። እያጉረመረመች ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ሟቹ ኦሊያድ ይባላል፤ የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፈ የሚኖር የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው። በግቢው ጥግ ባለችው የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በግራ ጎኑ ተኝቷል። የላይኛው እግሩ ታጥፏል፤ አንድ እጁ ጉንጩ ሥር ገብቷል። ላየው ሰው ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ክፍሉ ቀለምና ቲነር ይሸታል። ከራስጌው ሦስት የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ወድቀዋል።

ጥሩወርቅ እንጨቶቹን አይታ ቆም አለች። እሷም ብትሆን ሲጋራ ሳታጨስ ከቦርሳዋ ክብሪት የማይጠፋ ሴት ናት፤ ለምን ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ከዚያ የክብሪቱን ቀፎ ፈለገች፤ ከመደርደሪያው ላይ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ፣ ከሟቹ ኪስ። የለም።

አስከሬኑን ያገኙት እናቱ ወይዘሮ አባይነሽ ናቸው። የአምስት ወሯን የልጅ ልጃቸውን ሮሆቦትን አዝለው ከሴቶች ጸሎት ሲመለሱ ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። በሲዳምኛ ያለቅሳሉ፤ ለጥሩወርቅ በአማርኛ ይመልሳሉ። ልጃቸውን እንዳልነኩት ነገሯት፤ ገና ከደጃፉ ሆነው አውቀውት ነበር።

የሟቹ ወንድም ሕዝቅያስ መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። እሱ እንዳለው ኦሊያድ ከዐሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ የአንጎል ክሊኒክ በጥናት አቅፎት፣ መድኃኒት ሰጥቶት፣ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም ነበር። እጁ ላይ ሰዓት የሚመስለው መሣሪያም የክሊኒኩ ነው፤ ሰውየው ከተንፈራገጠ ለሐኪሙና ለሚስቱ ስልክ መልእክት ይልካል።

«ክብሪቱን ከዚህ ቤት ማን ጫረው?» አለች ጥሩወርቅ።

«ከዚህ ቤት ማንም» አለ ሕዝቅያስ። «ቲነር አለ ብሎ ክብሪት የያዘ ሰው በዚህች በር አያሳልፍም ነበር። እማዬን እንኳ ይቆጣት ነበር።»

የወደቀን ሰው ክብሪት ጭሮ ጢሱን እንዲያሸት ማድረግ ያገር ሕክምና ነው፤ ያላየ የለም። ሐኪሞቹ ደግሞ ተዉ፣ አፍንጫ ከማቃጠል በቀር ፋይዳ የለውም፣ በጎኑ አስተኙትና ሰው ጥሩ ይላሉ። ታዲያ ይኸው አንድ ሰው በጎኑም ተኝቷል፣ ክብሪትም ተጭሮለታል። ጥሩወርቅ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ሚስቱ ሄራን ከልብስ ፋብሪካ ስትመጣ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። የሥራ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ሳታለቅስ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ይኸው አለማልቀሷ በኋላ ጦስ ሆነባት።

ሁለት ሳምንት አለፈና የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። በኦሊያድ ደም ውስጥ የመድኃኒቱ ጭላጭ እንኳ የለም። ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት ክኒኖች ደግሞ መልካቸው መድኃኒት ነው እንጂ ከስኳርና ከዱቄት በቀር ምንም የለባቸውም። ታሽጎ የመጣው ብልቃጥ በተከፈተ በአምስተኛው ቀን ነው የሞተው፤ እሽጉን የቀደደችውም፣ ክኒኑን ጠዋት ማታ በእጇ የምትሰጠውም ሄራን ናት። ሕዝቅያስ ጣቱን ቀሰረ፣ እናትየው ዝም አሉ፣ ሄራን ረቡዕ ታሰረች። ዓርብ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ጥሩወርቅ ረቡዕ ማታውን ሄዳ አየቻት። የሄራን ሸሚዝ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ሮሆቦት ከአያቷ ጋር ናት፤ ጡጦ እምቢ ብላ ቀኑን ሙሉ አልቅሳለች ተብሏል። ይህን ያየ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ማለት ዘበት ነው።

«ከክሊኒኩ የመጣውን ሰጠሁት» አለች ሄራን። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ክኒን ከየት አባቴ እሠራለሁ?»

ሌላውን ጥሩወርቅ እየጎተተች አወጣችው። ፋብሪካው ሞባይል በር ላይ ያስቀምጣል፤ ሄራን ስትወጣ ስልኳን ብታየው፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የመጣ ቀይ መልእክት ጠበቃት። ኦሊያድ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒኩ ሄዶ ራሱ ላይ የአንጎል ሞገድ የሚቀርጽ ሽቦ እየተደረገለት አንድ ሰዓት ይቀመጥ ነበር። በሞተ ማግሥት ለነበረው ቅዳሜ ግን የክሊኒኩ ዶክተር ደውሎ፣ ምሳውን ይዞ ይምጣ፣ ቀኑን ሙሉ እናቆየዋለን ብሏት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጥሩወርቅ መናኸሪያና አዲስ ከተማ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አንድ በአንድ አዳረሰች። መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ የሳቁባትም አሉ። አንዱ ሽማግሌ ፋርማሲስት መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ ልጄ፣ ባዶ ክኒን ማን ይገዛል ብዬ አስመጣለሁ?» አሏት። ጉልበቷ እያቃጠላት ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ጥናቱን የሚመራው ዶክተር ደረሰ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው። ጥናቱን ሲያስረዳ ደስ ይላል። አንጎል ሰውየው ከመውደቁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ምልክት እንደሚሰጥ፣ ምልክቱ ከታወቀ ሰው መንገድ ላይ ወይ እሳት አጠገብ ከመውደቁ በፊት ቁጭ በል ሊባል እንደሚችል ነገራት። ለዚህ ግን ሕመሙ ሲነሳ በሽቦ የተቀረጸ ሞገድ ያስፈልጋል። ጥናቱ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። በሽተኞቹ ግን መድኃኒቱ ተስማምቷቸው አንዳቸውም ሽቦው ላይ ሳሉ አልወደቁም።

«ያቺ ዓርብ መልእክቱ አልደረስዎትም?» አለችው።

«መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ አልሠራም። ቀኑን ሙሉ እዚሁ ሻማ አብርቼ ስጽፍ ዋልኩ።»

የተቀመጡበት የሞገድ መቅረጫ ክፍል መስኮት የለውም፤ ቀትር ላይም ያለ መብራት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ስለ ክብሪቶቹ ስትጠይቀው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው የደከመ ነበር።

«እናቲቱ ናቸው የሚሆኑት። አልፈርድባቸውም። ሰው ሲደነግጥ የሚያመዛዝነው የፊተኛው አንጎል ዝም ይላል። ያን ጊዜ እጅ የሚያደርገው በልጅነቱ የለመደውን ነው። ልማድ አንጎል ውስጥ ከትምህርት በታች፣ ጠለቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።»

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለች ጥሩወርቅ።

ይህን እያሉ መብራቱ ድርግም አለ። ዶክተሩ በበሩ በኩል በሚገባው ጭላንጭል ሻማውን ወደ ራሱ ሳበ፤ እጁን ወደ ጋዋኑ ኪስ ሰደደ። ኪሱ ጋ ሲደርስ እጁ ቀጥ አለ። ከዚያ የሞባይሉን መብራት አበራ።

የክሊኒኩ ነርስ ኡሙልኸይር ከጠየቋት የምትመልስ፣ ካልጠየቋት ዝም የምትል ሴት ናት። ጥሩወርቅ ደግሞ መጠየቅ ሥራዋ ነው። ኡሙልኸይር በዚያች ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ስምንት ሰዓት ላይ ስትመለስ፣ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ሻማው ብቻውን ይነድ ነበር። ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መጣ፤ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። ጥሩወርቅ ያሳየቻትን ባዶ ክኒኖች ስታይ ደግሞ ወዲያው አወቀቻቸው። ካቻምና መድኃኒት የወሰደና ያልወሰደ በሽተኛ የሚያነጻጽር ሌላ ጥናት ነበር፤ ላልወሰዱት ይሰጥ ከነበረው ባዶ ክኒን የተረፈው ካርቶን በዶክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይገኛል።

«ለምን አልተናገርሽም?» አለቻት ጥሩወርቅ።

«የጠየቀኝ የለም። ደግሞም ጥሩ ሰው ነው» አለች ኡሙልኸይር። መብራት ሲመጣ የሟቹን ሰዓት ኮምፒዩተሩ ላይ ሰክታ በውስጡ የቀረውን መዝገብ ያነበበችላትም እሷው ናት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም የሟቹ ሥራ ክፍል ደጃፍ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ አባይነሽ ሕፃኗን ታቅፈዋል። ሕዝቅያስ ግድግዳ ተደግፏል። ዶክተሩና ነርሷ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ሄራን በፖሊስ ታጅባ መጥታ ከሁሉም ርቃ ቆማለች፤ ዓይኗን ግን ከልጇ ላይ አልነቀለችም። ጥሩወርቅ መቆም ስላቃታት የቀለም በርሜል ላይ ተቀመጠች።

«ሁለት ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ከረመ» ብላ ጀመረች። «ኦሊያድ ክሊኒኩ እንደሚያስተምረው በጎኑ ተኝቷል። ይህን የተማሩት ሄራን፣ ኡሙልኸይርና ዶክተሩ ናቸው። ክብሪት ደግሞ ተጭሮለታል። ይህ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ነበሩ ብዬ ብዙ ደከምኩ።»

እናቲቱ እንዳልነኩት፣ ክብሪትም ከዚያ ቤት ወደ ሥራ ክፍሉ እንደማይገባ አስታወሰቻቸው። ቀፎው አልተገኘም፤ ስለዚህ ክብሪቱ ከውጭ መጥቶ ወደ ውጭ ሄዷል። ሄራን ፋብሪካ ነበረች፤ ኡሙልኸይር መስጊድ። ኦሊያድ የወደቀው ሰባት ሰዓት ከሃያ ነው። ከዐሥራ አራት ደቂቃ በኋላ አንድ ሰው ክንዱን ቀስ አድርጎ እንዳዞረው ሰዓቱ መዝግቧል። ከአዲስ ከተማ እዚህ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ነው።

«መብራት ስለጠፋ መልእክቱ አልደረሰኝም አሉኝ፣ ዶክተር። ሄራን ስልክ ላይ ግን በሰዓቱ ደርሷል። ስልክ ኮምፒዩተር አይጠብቅም። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው፤ ሻማ በማብራትዎ ክብሪቱ ጋዋንዎ ኪስ ውስጥ ነበር። ሻማውን እንኳ ሳያጠፉ ሮጡ።»

ዶክተሩ መሬት መሬት ያያል።

«ክኒኑን ሄራን ለወጠችው ተባለ። ባዶ ክኒን በዚህ ከተማ የትም አይሸጥም፤ ያለው እርስዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ይቆይ ያሉት በምን አውቀው ነው? መድኃኒቱ ከደሙ ሲወጣ ቅዳሜ ሽቦው ላይ ይወድቅልኛል ብለው ነው። መድኃኒት ማስቆሙን ትላልቅ ሆስፒታሎች በሽተኛውን አስተኝተው፣ ነርስ አጠገቡ አቁመው፣ ራሱን ጠይቀው ያደርጉታል። እርስዎ ሳይነግሩት፣ ብቻውን በሚውልበት ቤት አደረጉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ያንተው ግን የሚለቀም አይደለም።»

እርስዎ ማለቷ መቼ አንተ እንደሆነ እሷም አላስተዋለችም።

«ክብሪቱስ?» አለ ሕዝቅያስ። «እሱ አይደለም እንዴ ክብሪት አትጫሩ ብሎ የሚያስተምረው?»

«ራሱ ነግሮኛል። ሲደነግጡ እጅ የሚያደርገው በልጅነቱ የለመደውን ነው። የተማረው ጭንቅላቱ በጎኑ አስተኛው፤ የእናቱ ልጅ የሆነው እጁ ክብሪት ጫረ። ሁለት ሰው አልነበረም፤ አንድ የደነገጠ ሰው ነበር።»

ወይዘሮ አባይነሽ ሕፃኗን ወደ ትከሻቸው ከፍ አደረጉና ዶክተሩን ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ስትደርስ ትንፋሽ ነበረው?»

«ነበረው» አለ ዶክተሩ። «ትንሽ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ሆስፒታል ከሄደ ደሙ ይመረመራል ብዬ…» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሦስተኛው ክብሪት ሲያልቅ ትንፋሹ ቆመ። እወደው ነበር፣ እማማ።»

ወይዘሮ አባይነሽ አልጮኹም። ቀስ ብለው ግቢውን አቋርጠው ሄራን ፊት ቆሙ። ከዚያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስቀመጡላት። ሄራን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አጠባች፤ ያን ጊዜ ነው ስለ ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው። ሕዝቅያስ ሊያያት አልደፈረም።

ዶክተሩ ከተወሰደ በኋላ ጥሩወርቅ ከበርሜሉ ለመነሳት ስትታገል ሄራን ቀና አለች።

«እትዬ፣ ክብሪት የሚጭረው ያልተማረ ሰው ነው እየተባለ፣ እርስዎ የተማረ ሰው ይሆናል ብለው እንዴት ጠረጠሩ?»

ጥሩወርቅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም ያልተናገረችውን ለዚህች ልጅ መንገር ቀለላት።

«ታናሽ እህቴ እንደ ባልሽ ነበረች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ስድስት። ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ ወደቀች፤ ፊቷ ውኃው ውስጥ ነበር። ጎትቼ ማውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ክብሪት ላመጣ ቤት ሮጥኩ።»

ሄራን እጇን ዘርግታ የሴትዮዋን ጉልበት ያዘች፤ የሚያማትን።

ጥሩወርቅ ስትወጣ ክብሪቷን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩ አጠገብ ካለው የቆሻሻ በርሜል ጣለችው። ይበቃል አለች። ባጃጅ ተሳፍራ ቤቷ እስክትደርስ ቦርሳዋን ሦስት ጊዜ ዳበሰች። ሰፈሯ ስትደርስ ከሱቁ ፊት ቆማ፣ ትንሽ አመንትታ፣ አንድ ክብሪት ገዛች።