ሞተሩ ያልጠፋው አውሮፕላን

ሟቹ ባየው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የገደለው በሪሞት የሚበረው ትንሹ ባለቤንዚን አውሮፕላን አጠገቡ ተሰባብሮ ወድቋል። ኢንስፔክተር ወለተሐና ስትደርስ አብራሪው ቴዎፍሎስ ለተሰበሰበው ሰው ስለ አውሮፕላኑ ገለጻ ያደርግ ነበር። አስከሬን አጠገብ ቆሞ ደረቱን የሚነፋ ሰው አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም።

«በገዛ እጄ የሠራሁት ነው» አላት ሳትጠይቀው።

«ባየው እንዴት ሞተ?»

«የመቀበያው ባትሪ አለቀ። መቀበያው የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማው ጆሮ ነው፤ እሱ ከሞተ አውሮፕላኑ አይታዘዝም። ቻርጅ እንዲያደርግ ያዘዝኩት ኃይለኢየሱስን ነበር። ዝርክርክ ሰው ነው።»

ረዳቱ ኃይለኢየሱስ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰዉ ነፍሰ ገዳይ እያለ ሊደበድበው ሲል ፖሊስ ደርሶለት ነው የተረፈው። «ባትሪውን ሞልቼዋለሁ» እያለ ይደጋግማል።

የሟች ሚስት ፋና ከባሏ ራስጌ አልተነሣችም። ወለተሐና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሲመጣ ሞተሩ ይሰማ ነበር?»

«እስኪመታው ድረስ ያጓራ ነበር። ባየው ወደ ግራ ሮጠ፤ አውሮፕላኑም ወደ ግራ ዞረ።»

«ባየው ከቴዎፍሎስ ጋር ተጣልቶ ነበር እንዴ?»

«አውሮፕላኑን የሠራው ባየው ነው። በእሁዱ የአውሮፕላን ትርኢት እውነቱን በሕዝብ ፊት እናገራለሁ ብሎት ነበር።»

ወለተሐና የስብርባሪውን ሆድ ከፍታ ሽቦዎቹን ተከተለች። ከዚያ ቴዎፍሎስን ቀና ብላ አየችው፤ አሁንም እያወራ ነበር።

በማግስቱ ቴዎፍሎስን፣ ኃይለኢየሱስንና ፋናን ፖሊስ ጣቢያ ሰበሰበቻቸው። ከአውሮፕላኑ የተረፉት ሞተር፣ መቀበያና ባትሪ እንደነበሩ ተያይዘው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሪሞቱም አጠገባቸው በርቷል።

«አቶ ቴዎፍሎስ፣ ሞተሩ እንዲነሣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ብልጭ ማለት አለበት። ኃይሉን ከየት ያገኛል?»

«ከራሱ ባትሪ ነዋ» አለ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ፈገግ ብሎ። «የመቀበያው ሌላ፣ የካንዴላው ሌላ። መቀበያው ሞቶ ሞተሩ የቀጠለው ለዚህ ነው።»

«ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ይህ ግን ያለው አንድ ባትሪ ብቻ ነው።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ባየው ሁለቱንም ያገናኘው ከአንድ ባትሪ ጋር ነው። በዚያ ላይ ካንዴላው ኃይል የሚያገኘው መቀበያው ሪሞቱን እየሰማ ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ኃይለኢየሱስ፣ እስቲ አዙረው።»

ኃይለኢየሱስ ሞተሩን በእጁ አዞረው፤ ካንዴላው ብልጭ አለ። ወለተሐና የመቀበያውን ሽቦ ነቀለች። ደግሞ አዞረው፤ ብልጭታ የለም።

«መቀበያው ቢሞት ወይም ሪሞቱን መስማት ቢያቆም ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። እስከ መጨረሻው ካጓራ ግን መቀበያው ትእዛዝ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ባየው ወደ ግራ ሲሮጥ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ያዞሩት እርስዎ ነዎት።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የተከበርኩ ሰው…»

«ሠራሁት የሚሉትን ነገር ሆዱን ከፍተው እንኳ አላዩትም። አይተውት ቢሆን ሌላ ውሸት ይፈልጉ ነበር።»

ቴዎፍሎስ አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ ጠጋ ብሎ «ካቴናውን መኪና ውስጥ ብታስሩልኝ፤ ደጅ ላይ ሰው አለ» ሲል በሹክሹክታ ለመነው። ሰው ሲገድል ያላፈረው ሰውዬ ታስሮ መታየት ግን አሳፈረው። ወለተሐና በሩን ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ፋና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ኃይለኢየሱስ ግን ደጅ ያለውን ሰው ፈርቶ ከተቀመጠበት ጥግ አልተነቃነቀም።

«አስከሬኑን ለቀብር ወደ አንኮበር የሚወስደው መኪና ቆሟል» አለችው። «ና፣ ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ።»