ረቂቁ ላይ የሌለው ቃል

ሠራተኛ ሊቀነስ ነው ከተባለ ሦስት ወር አለፈው፤ ቁርጡን የሚናገር ግን ጠፋ። በማተሚያ ቤቱ ሁሉም ጠባዩን ቀየረ። ሰላምታ እንኳ የሚከብዳቸው ሰዎች የሥራ አስኪያጁን ቦርሳ ካልተሸከምን ብለው ይጋፋሉ። ከአራት ሰዓት በፊት ገብቶ የማያውቀው የመጋዘን ሠራተኛ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ይገተራል። ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ሦስተኛው «እኔን ነው» ብሎ ያኮርፋል። ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም።

እርማት ክፍል የምትሠራውን ልጅ ይህ ሁሉ አንገሽግሿታል። ስህተት ከእጇ ስለማያመልጥ «አይለፌ» ይሏታል። እናቷና ተማሪዋ ታናሽ እህቷ የሚኖሩት በእሷ ደሞዝ ነው።

ትይዩዋ የሚቀመጠው ባልደረባዋ ደግሞ «ዝምታው» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ጮክ ብሎ ማንበብ ሥራው ሆኖ ሳለ፣ ከሰው ጽሑፍ በቀር የራሱ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንዱ ረቂቁን ነጥቡን ሳይቀር እየጠራ ያነባል፤ ሌላው ለሙከራ በታተመው ላይ ማስመሪያ መስመር በመስመር እያወረደ ይከተልና ስህተቱን በቀይ ያርማል። በየገጹ ይቀያየራሉ፤ ቀዩን እስክሪብቶ የያዘው ግርጌው ላይ ይፈርማል። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ድምፁን ትወደዋለች። እሱንም ትወደዋለች፤ ግን ለማን ትናገር? ለግድግዳ?

አንድ ቀን የክፍል ኃላፊው ብቅ አለና፣ «ከሁለታችሁ የሚቀረው አንድ ነው። ስህተት የበዛበት ይሰናበታል፤ ዝርዝሩ ዓርብ ይለጠፋል» ብሎ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሄደ።

በማግስቱ የኃላፊው ጸሐፊ ጎንበስ ብላ፣ «እህቴ፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ» አለቻት። «ዝምታው አለቃ ቢሮ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ቆየ። እዚያ ሲደርስ ምላሱ ተፈታ መሰለኝ።»

ደሟ ፈላ። ሐሙስ ዕለት ግን እሱ የፈረመበትን ገጽ ስትገልጥ፣ በጉልህ የተጻፈው ርዕስ ሁለት ጊዜ ተደግሞ አገኘችው። ቀጣዩ ገጽ ላይ አንድ አንቀጽ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል። በዓይን ቀርቶ በዳበሳም የሚገኝ ስህተት ነው።

«ይሄን አላየሁትም በለኝ!»

«አላየሁትም» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«ቀና በል! እኔን እያየህ በለው!»

ቀና አለ። «አለቃ ቢሮ የገባሁት እኔን አሰናብቱኝ ልል ነበር። በፈቃድ አይሆንም፣ በስህተት ብዛት ነው አለኝ። እንግዲህ ስህተት ከፈለገ ብዬ...» አለ።

«ማንን አማክረህ? ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተጎልተህ አንዲት ቃል ያልተነፈስክ ሰውዬ፣ ዛሬ ሥራህን ታወርሰኛለህ?»

ገጾቹን ከእጇ ተቀብሎ እንዳሉ ካለቁት ጋር ደረባቸው። አሁንስ አበዛው።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊዋ አንድ ወረቀት ከነረቂቁ ጠረጴዛቸው ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የቅነሳው ዝርዝር ነበር። በቤቱ ደንብ ሳይታረም የሚለጠፍ ወረቀት የለም፤ የእርማት ክፍል ሰው የራሱንም ስንብት አርሞ ነው የሚሄደው።

የማንበቡ ተራ የሱ ነበር። አይለፌ ማስመሪያዋን አስተካከለች፤ ከሥሩ ያለውን ላለማየት ሌላ ወረቀት ደረበችበት።

«ተራ ቁጥር ስድስት፣ ከጥረዛ ክፍል፣ አራት ነጥብ» አለ። ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «ተራ ቁጥር ስምንት...»

«ሰባትን ዘለልክ።»

ወረቀቱን ፊቱ ላይ ጋረደው።

«ዘለህ አታውቅም እኮ! አንብበው!»

«ተራ ቁጥር ሰባት» አለና የሷን ስም አነበበ። «ምክንያት፣ በገጾቿ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቀይ ምልክት በመገኘቱ፣ አራት ነጥብ።»

ተያዩ። ቀይ! ኃላፊው ያረመችውን ስህተት ሁሉ ራሷ እንደሠራችው ቆጥሮታል። ዝምታው ሳያርም ያሳለፋቸው ገጾች ደግሞ ንጹሕ ተብለዋል። ላድናት ያለው ሰው ገፍትሮ ጥሏታል።

አይለፌ መሳቅም ማልቀስም አቃታት። ዝምታው ረቂቁንና የራሱን ገጾች ሰብስቦ ተነሣ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባት። እውነቱ ከታወቀ የሚሰናበተው እሱ ነውና እጅጌውን ያዘችው።

«ከሄድክ አላናግርህም!»

«ዛሬ እንኳ ልናገር» አለና ቀስ አድርጎ አስለቀቃት።

ሲመለስ ረቂቁ ላይ የሷ ስም በኃላፊው እጅ ተሰርዞ የሱ ተጽፎበት ነበር። ተቀመጠ።

«ቆይ!» አለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም። «ወዴት ልትሄድ ነው?»

«አጎቴ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ና ካለኝ ሁለት ዓመቱ።»

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው እስከ ዛሬ እዚህ አቧራ የምትቅመው?»

ወረቀቱን አንስቶ፣ «ተራ ቁጥር ሰባት» አለና የራሱን ስም ጠራ። አይለፌ በታተመው ላይ ስሟን ሰርዛ ስሙን ጻፈች፤ ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛው ቀይ ምልክቷ ነበር።

«ከእርማት ክፍል፣ አራት ነጥብ» ብሎ ቀጠለ። «እወድሻለሁ፣ አራት ነጥብ።»

እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ይሄ ረቂቁ ላይ የለም» አለች።

«የለም። የራሴ ነው።»

ግርጌው ላይ ፈረመችና አፍንጫዋን ጠረገች።

«ከሥራ ስንወጣ ቤት ትመጣለህ» አለችው። «ለእናቴ ራስህ ትነግራታለህ። እኔ አላነብልህም!»