ትንሿ ሰሃን በምስማር መሃል

ሰውየው የተገኘው ከፈረሰው የእንጨት ሥራ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ብቻውን ቆሞ ከቀረው የቀይ ጡብ ግድግዳ ሥር ነው። ግማሹ ግድግዳ ወርዶ ከነነፍሱ ቀብሮት ኖሯል። አጠገቡ ብረት መፈለጊያ መሣሪያው ወድቋል፤ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የድስት ክዳን የሚያህል ክብ ሰሃን።

ሚስቱ ተጠርታ ስትመጣ ፊቱን ለማየት ድፍረት አጣች። ያየችው እጁን ብቻ ነው። የግድግዳው ሥር ገና አዲስ በአካፋ ተቆፍሮ ስለነበር፣ ፖሊሱ «የሚጠላው ሰው ነበር?» ሲላት አፏ ቀደማት።

«ዋርሳዬ ነዋ! ባለፈው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ‹ይሄን መሣሪያ አናትህ ላይ ነው የምሰብረው› ሲለው አልነበረም?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የዚያኑ ዕለት ታሰረ። የት ነበርክ ሲባል «ቤቴ ተኝቼ» አለ። ምስክር የለውም።

ነገሩን የያዘችው መርማሪ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ስትሰማ ያንቀላፋች የምትመስል ሴት ነበረች።

«የኔ እህት፣ ባለቤትሽ እዚህ ምን ይፈልግ ነበር?»

«ቁርጥራጭ ብረት። ለቅሞ ይሸጣል።»

ውሸት ነው። ተናግራ ሳትጨርስ ጆሮዋ ጋለ። እውነቱን ከማውጣት ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

መርማሪዋ ወደ ግቢው ሽማግሌ ዘበኛ ዞረች። «አባባ፣ ስንት ሰው ገባ ያን ዕለት?»

«እኔ ያየሁት አንድ ነው። ያላየሁትን እንዴት ብዬ ልቁጠርልሽ?»

«ተኝተው ነበር?»

«ኧረ አልተኛሁም ልጄ! ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።»

መርማሪዋ ፈገግ ብላ መሣሪያውን አነሳችና አበራችው። ሰሃኑን መሬት ላይ ብታንሸራትተው ጩኸቱን ለቀቀው። ወደ ግራ ብትወስደው ጮኸ፣ ወደ ቀኝ ብትወስደው ጮኸ። ግቢው የዘመናት ምስማር የተዘራበት ነው።

«አጥፊው በፈጠረሽ! ጆሮዬን እኮ ለሥራዬ እፈልገዋለሁ» አለ ዘበኛው።

አጠፋችው። ከዚያ አቀርቅራ ግቢውን ዞረች። እዚህም እዚያም መዳፍ የማይሞሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ተቆፍረው በሥርዓት ተመልሰው ተደፍነዋል። ግድግዳው ሥር ያለው ግን ሌላ ነው። ውሻ የጫረው ይመስላል።

«ባልሽ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ነበር?»

«እሱ?» አለች ሚስትየዋ። «ሸሚዙን ሲቆልፍ እንኳ እኔ ነኝ በቁም የማረጅ።»

«አብሮት የሚወጣ ጓደኛስ?»

«ሬዲዮ ጠጋኙ አለ።»

«በይ መንገድ አሳዪኝ።»

ሬዲዮ ጠጋኙ ሚስትየዋን ሲያያት አቅፎ አለቀሰ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሽቦና የተፈታ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ይሄን ሥራ አላውቀውም። እስቲ አስተምረኝ፤ ትልቅ ሰሃንና ትንሽ ሰሃን ምን ይለያቸዋል?»

የሙያ ጥያቄ ሲመጣ እንባውን ጠረገ። «ትልቁ ጥልቅ ያያል። ሰፊ ቦታም ባንዴ ይጠርጋል። ቆሻሻ መሬት ላይ ግን አይሆንም። ከሥሩ ያለውን ምስማር ሁሉ ባንዴ እየሰማ ይጮኻል፤ መሃላቸው ያለው ደህና ነገር ተውጦ ይቀራል።»

«ትንሿስ?»

«ትንሿ አንድ በአንድ ነው የምትሰማው። ሁለት ምስማር መሃል ትገባልሻለች። ጥልቅ አታይም፣ ሥራዋም አዝጋሚ ነው። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን እሷን የመሰለ የለም።»

«አለችህ?»

«ያቻት። ክረምቱ ከገባ ከተሰቀለችበት አልወረደችም።»

«ላያት ልውሰዳት?»

ተነስቶ ከግድግዳው አወረዳት። «ውሰጃት» አለ ከዚያ።

በማግስቱ መርማሪዋ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዋርሳዋን ፖሊስ ይዞት መጣ። ጎረቤቱም ወሬ አያመልጠው፣ አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። ሚስትየዋ ወደ ዋርሳዋ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«በትልቁ ሰሃን እዚህ መሬት ላይ የሚሠራ የለም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ቁርጥራጭ ለቃሚ ቢሆን ግድ አይሰጠውም፤ ምስማርም ብረት ነው፣ የጮኸበትን ሁሉ ይቆፍራል። ሟቹ ግን ምስማሩን እየዘለለ፣ መርጦ መርጦ ነው የቆፈረው። ስለዚህ ትንሿን ሰሃን ይዞ ነበር፤ ትንሿን የሚመርጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር የጠፋችበት ሰው ነው። ምን ነበረች የኔ እህት?»

ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ።

«ቀለበቴ» አለች።

«አልሰማንም!» አለ አንዱ ከአጥሩ ላይ።

«የጋብቻ ቀለበቴ! ቤቱ ሳይፈርስ፣ እዚህ ሲሠራ መጥቼ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እያዩ አውልቄ ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ጣቴ አብጦ ነው ስላችሁ የከረምኩት ውሸት ነው። እሱ ‹ፈልጌ አገኝልሻለሁ› አለ። እኔ ‹ቆሻሻ ስትጭር ኑር› አልኩት።» ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

መርማሪዋ ወደ መሣሪያው ዞረች። «ታዲያ ትንሿ ሰሃን የት ገባች? ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ፈትቶ፣ ሟቹ በከረጢቱ የያዘውን ትልቁን አሰረበት። ሽቦው ዘንጉ ላይ በለመደ እጅ ነው የተጠመጠመው። ይሄ ወንድሙ ከመሣሪያው ጋር ያለው ጠብ እንጂ ዕውቀት አይደለም። የፈታት ሰው የፈታት የራሱ ስለሆነች ነው። እዚያ ብትቀር እሱም እዚያ እንደነበረ ትናገርበታለች።»

ከቦርሳዋ ትንሿን ሰሃን አወጣችና የላስቲክ ክዳኗን በጥፍሯ ፈለቀቀች። ቀይ የጡብ ዱቄት እግሯ ሥር ፈሰሰ።

«ላይ ላዩን ታጥባለች። ክዳኗን መክፈት ግን ተረስቷል።»

«ቀይ አፈር የትም አለ!» አለ ሬዲዮ ጠጋኙ።

«አለ። ከተሰቀለችበት አልወረደችም ያልከኝ ግን አንተ ነህ።»

ፍርስራሹ ላይ ተቀመጠ።

«ግድግዳው ሥር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠን። እሱ ‹ተው፣ ይወርዳል› አለኝ። እኔ ‹ዛሬ ይዘንላት ነው የምንገባው› ብዬ በአካፋ ገባሁበት። ሊጎትተኝ ሲመጣ እሱ ላይ ወረደ።»

«ወዲያው ሞተ?»

«ጠራኝ» አለ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ። «ስሜን እየደጋገመ ጠራኝ። እኔ ሰሃኗን እፈታ ነበር። አንተ ነህ የቆፈርከው እንዳልባል።»

ሚስትየዋ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄደች። «ምን ነበር? ከሥሩ የነበረው?»

«ቆርኪ» አለ። «የለስላሳ ቆርኪ።»

ሬዲዮ ጠጋኙን ይዘውት ሄዱ። ፖሊሱ ለዋርሳዋ ሲታሰር የወሰዱበትን ቀበቶና የጫማ ክር በፌስታል መለሰለት። ሚስትየዋ ወደ አጥሩ ዞረች።

«እሱ አይደለም! ስትሰሙ ነው ያስያዝኩት፣ ስትሰሙ ልናገር። እኔ ነኝ በከንቱ የወነጀልኩት!»

ጎረቤቱ አንድ በአንድ ከአጥሩ ወረደ። ዋርሳዋ ጡብ ላይ ተቀምጦ ክሩን ከፌስታሉ አወጣ።

«መሣሪያውን እሰብራለሁ ያልኩት እኮ» አለ ቀና ሳይል፣ «እዚህ ግድግዳ ሥር እንዳይመጣ ብዬ ነው እትዬ።»

እግሩ ሥር ተንበርክካ ክሩን ተቀበለችው። በየቀዳዳው አስገብታ አንዱን ጫማ አሰረችለት። ወደ ሌላው ስትዞር እግሩን ሰበሰበ።

«ይቺን ራሴ አስራለሁ።»

እሷ ግን አልተነሳችም። ባዶ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሱ አስሮ እስኪጨርስ እዚያው ቆየች።