የወኒንግ ኮምፒውተር

ወኒንግን ባወቅሁበት ዓመት ከተማችን ማላንግ ላይ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ አያባራም ነበር። ሱቄ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አሮጌ የኮምፒውተር ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ፣ በመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ሱቅ ስል በርና መስኮት ያለው እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት መደርደሪያ፣ ከላይ ቆርቆሮ፤ በቃ።

ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከስምንተኛ ክፍል ነው። አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች አልነሣ ያላቸውን ኮምፒውተር ተሸክመው ይመጡና፣ ስጠግንላቸው «ዕድለኛ ነህ» ይሉኛል። «ታውቃለህ» ያለኝ አንድም የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እያንዳንዱን በስሙ አስታውሰዋለሁ።

ወኒንግ የመጣች ቀን ዣንጥላዋን አጥፋ፣ የራሰ ጫማዋን ጠራርጋ፣ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«ማስ፣ እዚህ ላይ ያለውን ሁሉ አሟልተህ ልትሰጠኝ ትችላለህ?» አለችኝ። እኛ ዘንድ ወንድን በአክብሮት ማስ፣ ሴትን ምባክ ነው የምንለው።

አነበብሁት። «ማን ነው የጻፈልሽ?»

«የአባቴ ጓደኛ ልጅ። ዳርማዋን ይባላል፣ ኢንጂነር ነው።»

«ያስታውቃል። ለምን ሥራ ነው?»

«ለሠርግ ጥሪ ካርድ።»

«ምባክ፣ በዚህ ዝርዝር እኮ ሮኬት ታመጥቂያለሽ።»

ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ተፈትሾ ፕሮግራሙ ሁሉ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘና ተዘጋ። ካርድ መሥራት እንጂ ሌላ ሙያ የላትም። አሁን ቤቷ ውስጥ የራሷን ሥራ ልትጀምር ትፈልጋለች። የፈቃዱን ዋጋ ግን አትችለውም።

«ስለዚህ ሊኑክስ ልጭንበት ነው» አለች አገጯን ቀና አድርጋ። «ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፣ ሦስቱም ሳቁብኝ። አንተም የምትስቅ ከሆነ ቶሎ ሳቅና ልሂድ።»

አልሳቅሁም። ሲሳቅብኝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ደግሞም ሊኑክስን እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። ፈቃድ የማይገዛበት ነፃ ሲስተም ነው፤ ዲፕሎማ አሳየኝ ሳይል የተቀበለኝም እሱ ብቻ ነው።

«ተቀመጪ» አልኋት፤ ያለኝን አንድ ወንበር ሰጥቼ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ የኢንጂነሩን ዝርዝር መሰረዝ ጀመርሁ። ያን ያህል ቢያስደስተኝ ኃጢአት አይሁንብኝ።

«ይሄ ፕሮሰሰር ላንቺ ሥራ ይበዛል። በግማሽ ዋጋ የሚገኘው ይበቃሻል፤ የተረፈውን ራም ላይ ጨምሪው። ስክሪን አዲስ አትግዢ፣ ከቢሮ የወጣ ጥሩ ቀለም ያለው እፈልግልሻለሁ። ይሄ ቪዲዮ ካርድ ደግሞ ለጨዋታ ነው፤ ከሊኑክስ የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ የለውም።»

«የትኛው እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ ታዲያ? ሻጩን ብጠይቀው ሁሉም ይሠራል ነው የሚለኝ።»

«ሻጩን አትጠይቂ፤ ሲዲውን ጠይቂ።»

ከመሳቢያዬ አንድ ሲዲ አወጣሁ። ሊኑክስ ሳይጫን በቀጥታ ከዚያ ሲዲ ላይ ይነሣል። የሰው ማሽን ውስጥ ከትተህ ታስነሣዋለህ፤ ዕቃው ከተስማማው ስክሪኑ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ካልተስማማው ጨልሞ ይቀራል። ከሻጭ ምላስ ይልቅ እሱን ማመን ይሻላል።

እንዲህ አድርገን ሦስት ቀን ሙሉ ከረድፍ ረድፍ ዞርን፤ እኔ ሲዲውን ይዤ፣ እሷ ዣንጥላውን። ሻጮቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ኋላ እነሱም አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ስክሪን የምትሸጠው ቺ ሊን፣ ቺ በቻይኖቹ እትዬ ማለት ነው፣ ገና ከሩቅ ስታየን ጮኸች።

«ቶፖ! ሲዲ ይዘህ ስትዞር አውቅሃለሁ፤ ሴት ይዘህ ስትዞር ግን ዛሬ ገና አየሁህ!»

«ደንበኛ ናት፣ ቺ።»

«ደንበኛ ናት ይለኛል! ጆሮህ ምን ሆኖ ቀላ ታዲያ?»

«ቺ» አለች ወኒንግ ረጋ ብላ፣ «ስክሪኑን ቀንሽልንና ጆሮውን ተይለት።»

ቺ ሊን እስኪያስላት ሳቀች፤ ስክሪኑንም ቀነሰችልን።

ያላገኘነው ቪዲዮ ካርዱን ብቻ ነበር። ዘጠኝ ሞከርን፤ ዘጠኙም ጨለሙ። በሦስተኛው ቀን ወኒንግ ከአንድ ሽማግሌ ሳጥን ሥር፣ ከሽቦ ክምር ውስጥ አንድ ካርድ ጎትታ አወጣች። ጀርባው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጭረት ነበረበት።

«ይሄን ሞክርልኝ።»

«እሱማ የሞተ ነው።»

«ሞክረው እስቲ።»

ካርዱን ሽማግሌው ማሽን ላይ ሰክቼ ሲዲውን ከተትሁ። ትንሽ ጠበቅን። ሰማያዊው ስክሪን ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ፊደሉ ሁሉ እንደ ምላጭ የጠራ። ወኒንግ ሳታስበው ክንዴን ያዘች። ከዚያ እጇን የት እንዳደረገችው አየችና ቀስ ብላ አነሣችው። ሁለታችንም ስክሪኑን ማየት ቀጠልን፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረበትም።

ዝናቡ እስኪያባራ ባክሶ የሚባለውን ሾርባ ከሚሸጠው ሰው ሸራ ሥር ተቀመጥን። ለምን ትምህርት እንዳቆምሁ ጠየቀችኝ። አባቴ እንደሞተ ነገርኋት። ቀጥዬም ለማንም ያልተናገርሁትን አከልሁ፤ የክፍላችን አስተማሪ እቤት ድረስ መጥቶ እናቴን «አይቆጭሽ፣ እጁ ለሥራ ይሆናል እንጂ ጭንቅላቱ ለትምህርት አይሆንም» እንዳላት። በመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።

«አይዞህ» አላለችኝም። ከሳህኗ ትልቁን የሥጋ ድቡልቡል በማንኪያ አንሥታ የኔ ሾርባ ውስጥ ጣል አደረገችውና መብላቷን ቀጠለች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር።

ኮምፒውተሩን ልገጣጥምላት ስቀመጥ ያ ጭረት ዓይኔን ወጋው። ሌላው ዕቃ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር ይኑራት አልሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያንኑ ካርድ፣ በዚያው ስም፣ ከነሳጥኑ ታሽጎ አገኘሁት። ገዛሁና፣ ሊኑክሱ በተጫረው ካርድ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ለውጬ ከተትሁላት፤ አልነገርኋትም። ሌላውን ሁሉ በሲዲ የፈተንሁ ሰውዬ፣ እሱን ሳላስነሣ በሳጥኑ አመንሁት። የቸኮልሁት ደግሞ ዕቃውን የሚያደርስላት ቤቻ፣ ባለ ሦስት እግሩ ብስክሌት፣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ስለነበር ነው። የተጫረውን ካርድ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁ። ከሽቦው ክምር በእጇ ያወጣችው እሷ ነበረችና።

በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «ማስ ቶፖ፣ ና እባክህ» ብቻ አለች።

አባቷ ፓክ ሃርሶኖ፣ ፓክ አቶ እንደማለት ነው፣ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። በረንዳው ላይ ጫማዬን አውልቄ ስገባ ዳርማዋን ኮምፒውተሩ ፊት እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ተለጥጧል፣ ቀለሙ እርስ በርሱ ተደባልቋል። የመጀመሪያ ሥራዋ አራት መቶ ካርድ ነው፤ ቅዳሜ ይረከቡታል፣ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ።

«መጣህ?» አለኝ ዳርማዋን። ማስ የለ፣ ምን የለ። «እኔ ነግሬያት ነበር። ነፃ ነገር መጨረሻው ይሄው ነው። የልጅ መጫወቻ እንጂ ለሥራ የሚሆን ሲስተም አይደለም።»

ፓክ ሃርሶኖ ወደ ልጁ ዞረ። «በቃ ወኒንግ፣ ይሸጥ። ዳርማዋን ቢሮው ውስጥ ቦታ አያጣልሽም።»

ወኒንግ ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

የኮምፒውተሩን ክዳን ከፍቼ ካርዱን ነቀልሁና ወደ ብርሃኑ አዞርሁት። ገና ሳየው ገባኝ። ስሙ አንድ ነው፣ ሳጥኑም አንድ ነው። ቺፑ ላይ የታተመው ቁጥር ግን የተለየ ነው። ፋብሪካው ስሙን ሳይለውጥ ውስጡን ለውጦታል። ይህን እኛ ሠፈር ዕቃ የሚያገላብጥ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ኢንጂነሩ ክዳኑን እንኳ አልከፈተውም። ጥፋቱ የሲስተሙ ይሆናል፤ እኔ ካርዱን መልሼ አስገብቼ «አዝናለሁ» ብዬ እወጣለሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ፊት ደንቆሮ ሳልባል መውጣት ስመኝ ኖሬአለሁ። ግን እሷ ቢሮ ውስጥ የዳርማዋንን ወረቀት ስታገላብጥ ታየኝ።

«ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም» አልሁ። «የኔ ነው። የፈተንነው ሌላ ካርድ ነው፣ ይሄን ሳልፈትን ነው ያስገባሁት።»

ዳርማዋን ሳቀ። «ሳትፈትን ትሸጣለህ? ለነገሩ ካንተ ምን ይጠበቃል።»

ወኒንግ ወደ እሱ አልዞረችም። «ለምን ቀየርከው?»

«ጭረት ስለነበረበት።»

«እኔ መቼ ጭረቱ አስጠላኝ አልኩህ?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያኛውስ የት ሄደ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ያልሸጥከው ለምንድን ነው?»

ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። ፓክ ሃርሶኖ መነጽሩን አውልቆ ትኩር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ መነጽሩን መልሶ አደረገው።

በዚያ ዝናብ በሞተር ሄጄ ተመለስሁ። የተጫረው ካርድ ገባ፣ ስክሪኑ ጠርቶ ተከፈተ። የመጀመሪያው የጥሪ ካርድ ከፕሪንተሩ ወርቃማ ሐረጉን ይዞ ሲወጣ ዳርማዋን ዣንጥላውን እየፈለገ ነበር። አራት መቶውም ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ወኒንግ ምክንያት እየፈለገች ገበያ ትመጣ ጀመር። አንድ ቀን «ማውሱ ተንቀራፈፈብኝ» ብላ መጣች። ባየው ምንም አልሆነም። «አውቃለሁ» አለች፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እኔም ቆሜ መሥራት ለመድሁ።

በስድስተኛው ወር እናቴን ይዤ ወኒንግን ለጋብቻ ልጠይቅ ሄድሁ። እናቴ ካርሲነም ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ምግብ፣ ትሸጣለች፤ ለዚያ ቀን የጎረቤት ሻርፕ ተውሳ ለበሰች። ፓክ ሃርሶኖ በክብር አስቀመጠን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀን። ከዚያ በሙሉ ስሜ ጠራኝ።

«ሱቶፖ፣ ታማኝ መሆንህን በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የሠርጉ ጥሪ ላይ ከስምህ ጎን ምን ይጻፋል? እኔ ከስሜ በፊት የዲግሪው ማዕረግ፣ ዶክተራንደስ፣ እንዲባልልኝ ቀን እያስተማርኩ፣ ማታ እየተማርኩ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቻለሁ። ወንድሞቼም፣ አማቾቼም ማዕረግ አላቸው። ያንተ ባዶ ሆኖ ዘመድ ሲያነበው ምን ይላል?»

እናቴ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። እኔን ቢሰድበኝ ለምጄዋለሁ፤ እሷ ተበድራ በለበሰችው ሻርፕ ውስጥ ስትኮማተር ማየት ግን አልቻልሁም። ልነሣ ጉልበቴን ጨበጥሁ።

ወኒንግ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ባዶውን ቦታ አበባ እስልበታለሁ፣ አባ» አለች። «ሥራዬ እኮ ነው።»

ትሪውን አስቀምጣ ለእናቴ በሁለት እጇ ሻይ አቀረበችላት። ፓክ ሃርሶኖ እሺም እምቢም አላለም። እኛ ዘንድ ዝምታ ብዙ ጊዜ እምቢታ ነው። ሻዩን ጠጥተን ወጣን።

ሰባት ሳምንት አለፈ። ወኒንግ ትመጣ ነበር፤ ስለ አባቷ አልጠይቃትም፣ አትነግረኝም። እኔም ያቺን ጥያቄ ከአስተማሪው ቃል ጎን አስቀምጬ ማታ ማታ አገላብጣት ጀመር።

አንድ ከሰዓት ቀና ስል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሟል። ፓክ ሃርሶኖ ነው። ገበያችንን ረግጦ አያውቅም። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም። መደርደሪያዎቹን አየ፤ ቆርቆሮውን አየ።

«የጥሪ ካርዱን እሷ ትሥራው» አለ ፖስታ እየሰጠኝ። «ጽሑፉ ግን የኔ ነው። እንዳለ ይታተም፤ አንድ ቃል እንዳትጨምሩበት።»

ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ፖስታውን ከፈትሁ። የርዕሰ መምህር ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የተሰመረ ይመስላል። ከላይ ጥሪውን የሚያቀርቡት ወላጆች ስም አለ። በመጀመሪያ የእሱ፤ ሃርሶኖ ይላል፣ ከፊቱ ዶክተራንደሱ የለም፣ ከኋላውም ምንም የለም። ከጎኑ፣ በዚያው መጠን፣ «ኢቡ ካርሲነም» ይላል፤ ኢቡ ወይዘሮ ማለት ነው። ከሥራቸው ወኒንግና ሱቶፖ።

ስድቡን ፈለግሁት። አንድ ቦታ ተደብቆ ይሆናል ብዬ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብሁ።

አላገኘሁም።